የዴቪድ ቦዊ ምርጥ ተከታታይ አልበሞች የትኞቹ ናቸው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ነው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ስለ እንግሊዛዊው የሮክ ሙዚቀኛ ዴቪድ ቦዊ መከራከር ከጀመርን ሰነባብተናል። ሳይቋረጡ በተከታታይ ከወጡት አልበሞቹ ምርጦቹ የትኞቹ ናቸው በሚለው ላይ መግባባት አልቻልንም። አንደኛው ጓደኛዬ ከ‹ሃንኪ ዶሪ› እስከ ‹አላዲን ሴን› ያሉትን ሦስቱን ይመርጣል፤ የታወቁት ዘፈኖች የሚበዙት እዚያ ነው ይላል። እኔ በርሊን ውስጥ በብራያን ኢኖ ፕሮዲውሰርነት፣ ማለትም በቀረጻ መሪነቱ፣ የተሠሩትን ሦስቱን እመርጣለሁ። ሌላው ደግሞ በሽያጭ ከሆነ እስከ 1983ቱ ‹ሌትስ ዳንስ› ድረስ መቆጠር አለበት ባይ ነው። የሌሎችን ዘፈኖች መልሶ የሠራበት አልበም መሀል ላይ ሲገባስ ረድፉ ተቋረጠ ይባላል? ባለሙያ ይዳኘን።»

ምላሽ፦ ከሦስታችሁ ለትክክለኛው መልስ የቀረቡት እርስዎ ነዎት፤ ነገር ግን ረድፉን ከፊትም ከኋላም አሳጥረውታል፣ ምርጫዎን ያስደገፉበት መረጃም መታረም አለበት። በእኔ ዳኝነት የቦዊ ምርጥ ተከታታይ አልበሞች አምስት ናቸው፤ እነሱም በጃንዋሪ 1976 የወጣው «ስቴሽን ቱ ስቴሽን»፣ በ1977 መጀመሪያና መገባደጃ ላይ የወጡት «ሎው» እና «ሂሮስ»፣ በሜይ 1979 የወጣው «ሎጀር» እና በሴፕቴምበር 1980 የወጣው «ስኬሪ ሞንስተርስ» ናቸው። ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ከጥር 1968 እስከ መስከረም 1973 መጀመሪያ ድረስ ያለው ጊዜ መሆኑ ነው።

መጀመሪያ መረጃውን እናስተካክል። «የበርሊን ሦስትዮሽ» እየተባሉ የሚጠሩት ሦስት አልበሞች ሁሉም በርሊን ውስጥ አልተሠሩም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በርሊን ውስጥ የተቀዳው «ሂሮስ» ብቻ ሲሆን፣ የተቀዳውም ከበርሊን ግንብ አጠገብ በነበረው ሃንሳ ስቱዲዮ ነው። የ«ሎው» አብዛኛው ክፍል የተቀዳው በፈረንሳይ አገር ሻቶ ዴሩቪል በተባለው ስቱዲዮ ነው፤ በርሊን የደረሰው ለማጠናቀቂያ ነው። «ሎጀር» ደግሞ በርሊንን ጨርሶ አያውቃትም፤ በስዊዘርላንድ ሞንትሮ ተጀምሮ ኒውዮርክ ላይ አልቋል። ስለዚህ ከተማዋን መለያ አድርጎ ሦስቱን አልበሞች ከፊተኛውና ከኋለኛው መቁረጥ መሠረት የለውም።

ሁለተኛው እርማት ብራያን ኢኖን ይመለከታል። ኢኖ የእነዚህ አልበሞች ፕሮዲውሰር አልነበረም። ፕሮዲውሰሮቹ ቦዊ ራሱና ቶኒ ቪስኮንቲ ናቸው። ኢኖ ሲንተሳይዘር ተጫውቷል፣ በርካታ ሥራዎችን ከቦዊ ጋር ደርሷል፣ በተለይም ሙዚቀኞቹ ከለመዱት አጨዋወት እንዲወጡ የሚያስገድዱ ዘዴዎችን ይዞ መጥቷል፤ ይህ አስተዋፅዖ ትልቅ ነው። ቢሆንም ቪስኮንቲን አስወጥቶ ቦታውን ለኢኖ መስጠት በአልበሞቹ ላይ የምንሰማውን የድምፅ አቀራረጽ ከባለቤቱ መንጠቅ ነው። ይህ ስህተት በእኛ ዘንድ ብቻ ሳይሆን በብዙ አገር ይደጋገማል፤ እርማቱ ግን ክርክራችሁን በቀጥታ ይነካል፤ ምክንያቱም ቪስኮንቲ ኢኖ በሌለበት በ«ስኬሪ ሞንስተርስ» ላይም በፕሮዲውሰርነት አለ። ረድፉ ከ«ሎጀር» በኋላ የሚቆምበት ምክንያት የለም ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እኛ አገር ሙዚቃ በሸክላ መታተም ሲጀምር በብዛት የምናውቀው ግራና ቀኝ አንድ አንድ ዘፈን የያዘውን ትንሹን ሸክላ ነበር፤ ሸክላው ለካሴት ቦታውን ከለቀቀ በኋላም ካሴት ማለት አንድ ድምጻዊ በዚያ ዓመት ያገኛቸው ጥሩ ጥሩ ዘፈኖች ስብስብ ነበር። በካሴቱ ልባስ ላይ ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ ተብሎ ይጻፋል፤ አድማጩም እያንዳንዱን ዘፈን ለብቻው ይመዝናል። በዚህ መንገድ የተገኙት ሥራዎች እስከ ዛሬ ልባችንን ይዘውታል፤ አሠራሩን ለመንቀፍ አላነሳሁትም። ይሁን እንጂ ጓደኛዎ «የታወቁት ዘፈኖች የሚበዙት እዚያ ነው» ሲል የተጠቀመበት መለኪያ ይኸው የካሴት መለኪያ ነው፤ በዘፈን ብዛት ለመፍረድ ደግሞ ተከታታይነትን ማንሳት አያስፈልግም፤ ከየአልበሙ ምርጥ ዘፈኖችን ለቅሞ አንድ ላይ ማድረግ ይበቃል።

ስለ ተከታታይ አልበሞች የምንከራከር ከሆነ የምንመዝነው በአንዱ አልበምና በሚቀጥለው መካከል ያለውን ግንኙነት ነው። እኔ የምጠቀምባቸው መመዘኛዎች ሦስት ናቸው። እያንዳንዱ አልበም ከእሱ በፊት ያለው ባይኖር ኖሮ ሊሠራ የማይችል መሆን አለበት፤ የፊተኛውን ግን መድገም የለበትም፤ በረድፉ ውስጥ ያለው ደካማው አልበም ደግሞ ለብቻው ቢሰማ እንኳ ራሱን ችሎ መቆም አለበት። ሦስተኛው ከሁሉም ጥብቅ ነው፤ ረድፍ የሚፈረደው በደካማው አባሉ ነውና።

የጓደኛዎን ምርጫ በዚህ ስንመዝነው ብዙ የሚያስከብረው ነገር እናገኛለን። «ሃንኪ ዶሪ»፣ «ዚጊ ስታርደስት» እና «አላዲን ሴን» በ1971 መጨረሻና በ1973 ጸደይ መካከል የወጡ ናቸው። በሦስቱም ላይ ጊታሩ የሚክ ሮንሰን፣ ባሱ የትሬቨር ቦልደር፣ ድራሙ የሚክ ዉድማንሲ ነው፤ ሦስቱንም ከቦዊ ጋር በፕሮዲውሰርነት የሠራው ኬን ስኮት ነው። በዜማ ውበት ብቻ ቢሆን ኖሮ «ሃንኪ ዶሪ»ን የሚያህል አልበም ቦዊ ከዚያ በኋላ አልሠራም ለማለት አላመነታም። ሮንሰን ለዚያ አልበም ያቀናበራቸውን የቫዮሊንና የቼሎ ክፍሎች ረጋ ብሎ ያደመጠ ሰው፣ ድምፁ ከፍ በሚልበት ጊዜ ገመዶቹ ከታች እንዴት እንደሚሸከሙት ይሰማል፤ ለማንኛውም ወጣት አቀናባሪ ትምህርት ቤት ነው።

ሆኖም እነዚህን ሦስት አልበሞች ተከታታይ እርምጃዎች አድርጎ መውሰድ ያስቸግራል። የ«ዚጊ ስታርደስት» ቀረጻ በኖቬምበር 1971 በተፋፋመበት ጊዜ «ሃንኪ ዶሪ» ገና ለገበያ አልቀረበም ነበር፤ የወጣው በዲሴምበር ነው። ሁለቱ አልበሞች በአንድ ወቅት፣ በአንድ ስቱዲዮ፣ በአንድ ቡድን እጅ የነበሩ መንትዮች ናቸው እንጂ አንዱ የሌላው ውጤት አይደለም። «አላዲን ሴን» ደግሞ በአሜሪካ የመድረክ ጉዞ መሀል ተጽፎ በጥድፊያ የተቀዳ ሲሆን፣ ጥድፊያው ይሰማል። ማይክ ጋርሰን በአልበሙ መጠሪያ ዘፈን ላይ የተጫወተው የፒያኖ ሶሎ ከሮክ ሙዚቃ ውስጥ ከሰማኋቸው እጅግ ደፋሮቹ መካከል ነው፤ ከእሱ ውጭ ግን አልበሙ በአብዛኛው «ዚጊ ስታርደስት» የከፈተውን በር ነው የሚያንኳኳው። በሁለተኛው መመዘኛ፣ ማለትም ባለመድገም፣ እዚህ ላይ ይወድቃል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው «ፒን አፕስ» ነው፤ የመጨረሻው ጥያቄዎም እሱን የሚመለከት ነው። በኦክቶበር 1973 የወጣው ይህ አልበም ቦዊ በወጣትነቱ በለንደን ይሰማቸው የነበሩ የ1960ዎቹ ባንዶችን ዘፈኖች መልሶ የተጫወተበት ነው። ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ይቆጠራል። በስቱዲዮ የተቀዳ፣ በራሱ ስም የወጣ፣ ሙሉ አልበም ነውና ለረድፉ ጥቅም ሲባል መዝለል አይፈቀድም። ከመድረክ የተቀዱት የ1974ቱ «ዴቪድ ላይቭ» እና የ1978ቱ «ስቴጅ» ግን አይቆጠሩም፤ አዲስ ሥራ የያዙ ሳይሆኑ ቀድሞ የወጣው በተመልካች ፊት የተጫወተባቸው ናቸውና። በነጠላ ደረጃ በአልበም ውስጥ የገባ የሌላ ሰው ዘፈን ደግሞ ረድፉን አይበጥስም፤ እንደዚያ ቢሆን ኖሮ እኔ የመረጥኩትም ረድፍ በወደቀ ነበር፤ በ«ስቴሽን ቱ ስቴሽን» እና በ«ስኬሪ ሞንስተርስ» ላይ አንድ አንድ አለና።

አንዳንድ ተከራካሪዎች «ፒን አፕስ»ን ዘለው ከ1971 እስከ 1980 ያሉትን አሥር አልበሞች አንድ ረድፍ ያደርጓቸዋል። ሐሳቡ ለጆሮ ደስ ይላል፤ ነገር ግን የቦዊን ታላቅነት ይገልጻል እንጂ ለጥያቄያችሁ መልስ አይሰጥም። ከመሀል የሚገኘው የ1974ቱ «ዳይመንድ ዶግስ» ከጆርጅ ኦርዌል «1984» ልብ ወለድ ሊሠራ የታሰበ የመድረክ ሥራ በደራሲው ባለቤት ፈቃድ መነፈግ ምክንያት ሲከሽፍ ከቅሪቱ የተገጣጠመ ነው፤ የ1975ቱ «ያንግ አሜሪካንስ» ደግሞ ውብ የፊላዴልፊያ ሶል ሙዚቃ ይዞ ሳለ የቢትልስን ዘፈን መልሶ በሠራበት ቦታ ላይ ይሰናከላል። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ፤ በደካማ አባል የሚፈረድ ረድፍ ውስጥ ግን አላስገባቸውም።

«ያንግ አሜሪካንስ» አንድ ወሳኝ ነገር ግን አስገኝቷል፤ ጊታር ተጫዋቹ ካርሎስ አሎማር ወደ ቦዊ የመጣው በዚያ ጊዜ ነው። ድራመሩ ዴኒስ ዴቪስም በአልበሙ ማብቂያ ላይ ገባ፤ ለ«ስቴሽን ቱ ስቴሽን» ደግሞ ባስ ተጫዋቹ ጆርጅ መሬይ ተጨመረ። እነዚህ ሦስት ሰዎች ከ«ስቴሽን ቱ ስቴሽን» እስከ «ስኬሪ ሞንስተርስ» ድረስ በአምስቱም አልበሞች ላይ አሉ። ከ1976 በፊት ሦስቱ አብረው አልነበሩም፤ ከ1980 በኋላም በቦዊ አልበም ላይ አብረው አልተገኙም። የረድፉን መጀመሪያና መጨረሻ የወሰንኩት በዚህ ነው፤ በቦታ ወይም በእንግዳ ሙዚቀኛ ቢሆን ኖሮ ረድፉ ይሰነጣጠቅ ነበር።

የዚህ ትርጉም ለአማርኛ ሙዚቃ አድማጭ በቀላሉ ይገባል። ሮሃ ባንድ በካሴት ዘመን ስንቱን ድምጻዊ እንዳጀበ እናውቃለን፤ ድምጻዊው ቢለዋወጥም የባሱና የድራሙ አካሄድ ከካሴት ካሴት ይታወቅ ነበር። በቦዊ ላይ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ድምጻዊው አንድ፣ ከሥር ያሉት ሦስቱ ተጫዋቾችም እነዚያው ሆነው ሳለ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ አምስት የማይመሳሰሉ አልበሞች ወጡ። ከላይ ያለው ሁሉ ሲገለባበጥ አድማጩ የማይጠፋው ከታች ያሉት ሦስቱ ሰዎች ስለማይናወጡ ነው።

«ስቴሽን ቱ ስቴሽን» ስድስት ሥራዎች ብቻ አሉት፤ የመጀመሪያው ከአሥር ደቂቃ በላይ ይወስዳል። የባቡር ድምፅ በሚመስል ነገር ተጀምሮ፣ ከባድና ዘገምተኛ እርምጃ ይዞ ረጅም መንገድ ከሄደ በኋላ በድንገት ወደ ፈጣን የዳንስ ምት ይቀየራል። የአሜሪካው ሶልና የአውሮፓው ቀዝቃዛ የማሽን ሙዚቃ በአንድ ዘፈን ውስጥ ጎን ለጎን የሚሰሙት እዚህ ነው፤ ከዚህ አልበም በፊት የነበረው ቦዊና ከዚህ በኋላ የሚመጣው የሚለያዩበት ቦታ ይኸው ነው። እርስዎ ረድፉን ከ«ሎው» ሲጀምሩ የጣሉት ይህንን ነው፤ «ሎው»ም ያለእሱ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሥራ ይሆናል።

የ«ሎው» ሸክላ የመጀመሪያ ገጽ ሰባት አጫጭር ሥራዎችን የያዘ ሲሆን መክፈቻውና መዝጊያው ቃል የላቸውም፤ ሁለተኛው ገጽ ደግሞ አራት ዝግተኛ ሥራዎች ያሉት ሆኖ በአብዛኛው በመሣሪያ ብቻ የሚሄድ ነው። ተማሪዎቼ ይህን አልበም ሲሰሙ የሚከብዳቸው ሁለተኛው ገጽ ነው፤ ጆሯችን ግጥም ይጠብቃል፣ ሰምና ወርቁን ይፈልጋል፣ ሳያገኝ ሲቀር ዘፈኑ ገና መግቢያው ላይ ያለ ይመስለዋል። ሙላቱ አስታጥቄ በተወለዱባት ከተማ ለምንኖር ሰዎች ግን ቃል የሌለው ሙዚቃ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። ትኩረታችሁን ከዜማው አንሥታችሁ አንዱ ድምፅ በሌላው ላይ እንዴት እንደሚደረብ ተከታተሉ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ደግሞ የዴኒስ ዴቪስን ስኔር ድራም ለይታችሁ ስሙ። ቪስኮንቲ የድምፅን ከፍታ የሚቀይር ሃርሞናይዘር የተባለ መሣሪያ ላይ ስላገናኘው፣ እያንዳንዱ ምት ከተመታ በኋላ ወደታች እየወረደ የሚሰምጥ ዓይነት ድምፅ ይሰጣል። ዴቪስ ይህንን የተቀየረ ድምፅ እየሰማ ይጫወት ስለነበር አመታቱን ከመሣሪያው ጋር ያስማማል፤ ማሽኑና ሰውየው እየተነጋገሩ የሚሄዱ መሆናቸው ይታወቃል።

«ሂሮስ» ላይ ስደርስ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ክርክሩን የሚፈታው በቅርበት ሲታይ ነውና። የአልበሙ መጠሪያ የሆነው ዘፈን በተቀዳበት ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ቪስኮንቲ ሦስት ማይክሮፎኖችን አቆመ፦ አንዱን ከቦዊ አፍ አጠገብ፣ ሁለተኛውን ወደ ስድስት ሜትር ያህል ርቆ፣ ሦስተኛውን ወደ አሥራ አምስት ሜትር ያህል ርቆ። ሁለቱ የሩቆቹ ድምፁ የተወሰነ ጉልበት ላይ ካልደረሰ በስተቀር የማይከፈቱ ተደርገው ነበር የተዘጋጁት። ስለዚህ ቦዊ ዘፈኑን በለሆሳስ ሲጀምር የሚሰማው የቅርቡ ማይክሮፎን ብቻ ነው፤ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሁለተኛው ይከፈታል፤ ወደ ጩኸት ሲደርስ ሦስተኛው ተከፍቶ የአዳራሹ ስፋት በሙሉ ከድምፁ ኋላ ይገባል። ዘፋኙ አዳራሹን ለመክፈት መጮህ ነበረበት ማለት ነው። ዘፈኑ መጨረሻ ላይ የሚሰማው ጭንቀት በትወና የመጣ አይደለም፤ ሰውየው በእርግጥ ከርቀት ለመሰማት እየታገለ ነው። ጊታር ተጫዋቹ ሮበርት ፍሪፕ ደግሞ የጊታሩን ዘለግ ያለ ጩኸት ያገኘው ከድምፅ ማጉያው ፊት እየተራመደ ነው፤ የትኛው ኖታ የት ሲቆም እንደሚወጣለት ወለሉ ላይ ምልክት አድርጎ ነበር። ጆርጅ መሬይና ዴኒስ ዴቪስ ከሥር ሳይናወጡ ይሄዳሉ። እንዲህ ዓይነቱ ሥራ የሚወለደው ባለፈው አልበም ስቱዲዮውን ራሱን እንደ መሣሪያ መጫወት ከተማሩ ሰዎች ብቻ ነው፤ ስለዚህም «ሂሮስ» ከ«ሎው» ይወለዳል፣ «ሎው»ን ግን አይደግምም።

የረድፉ ደካማ አባል «ሎጀር» ነው፤ ተቃዋሚዎቼም ጣታቸውን የሚቀስሩት በእሱ ላይ ነው። የድምፅ ቅንብሩ ሲወጣ ጀምሮ የታፈነ ነበር፤ የመሣሪያ ሙዚቃ የተሞላው ሁለተኛ ገጽ ቀርቷል፤ የኢኖም ዘዴዎች አንዳንድ ጊዜ ከጥቅማቸው ይልቅ ጨዋታነታቸው ይጎላል። ይሁንና ለብቻው ይቆማል ወይ ተብሎ ቢጠየቅ፣ ይቆማል። በአንዱ ዘፈን ላይ አሎማር ድራም እንዲመታ፣ ዴቪስ ባስ እንዲይዝ ተደርገዋል፤ ያልለመዱትን መሣሪያ የያዙ ሊቃውንት የሚያወጡት ጥሬ ጉልበት ዘፈኑን ይሸከመዋል። ይኸው ዘፈንና የአልበሙ መክፈቻ በአንድ ዓይነት የኮርድ ቅደም ተከተል ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ሁለቱን አከታትሎ የሰማ ግን ካልተነገረው በስተቀር አያውቅም። ጊታር ተጫዋቹ ኤድሪያን ቢሊው ዘፈኖቹን አስቀድሞ ሳይሰማ እንዲጫወት ተደረገ፤ ከተለያዩ ሙከራዎቹ የተመረጡት ቁርጥራጮች ተቀጥለው ሶሎ ሆኑ። «ሎጀር» ያልተሳካ «ሎው» ነው ብለው የሚያልፉት አድማጮች፣ አልበሙ የጉዞና የስደት ዘፈኖችን ይዞ ወደ ቃል ተመልሶ የመጣ መሆኑን አላስተዋሉም።

«ስኬሪ ሞንስተርስ» ለዚህ ሁሉ ማረፊያ ነው። በአንድ ዘፈን በሁለት መልክ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ በመክፈቻው ላይ በጃፓንኛ የሚናገር የሴት ድምፅና የሚጮህ ቦዊ አሉ፣ በመዝጊያው ላይ ያው ዘፈን ረግቶ ይመጣል። ፍሪፕ ከ«ሂሮስ»፣ ፒያኖ ተጫዋቹ ሮይ ቢታን ደግሞ ከ«ስቴሽን ቱ ስቴሽን» ተመልሰዋል። ቦዊ በ1969 በዘፈነው «ስፔስ ኦዲቲ» ውስጥ በጠፈር ላይ የጠፋው ገጸ ባሕርይ ሜጀር ቶምም በዚህ አልበም «አሽስ ቱ አሽስ» በተባለው ዘፈን ውስጥ ወድቆ ይገኛል፤ ይህ ዘፈን በኦገስት 1980 በብሪታንያ አንደኛ ወጣ። ከአራቱ አልበሞች የተገኘው ትምህርት ሁሉ እዚህ ላይ ለዘፈን አገልግሎት ይውላል። ረድፉን በ«ሎጀር» የሚያቆም ሰው ሰብሉን ሳያስገባ ማሳውን ትቶ እንደሄደ ገበሬ ነው።

የሦስተኛው ጓደኛዎን የሽያጭ መለኪያ በአጭሩ ልመልሰው። «አላዲን ሴን»፣ «ፒን አፕስ» እና «ዳይመንድ ዶግስ» ሦስቱም በብሪታንያ አንደኛ ደረጃ ላይ ወጥተዋል፤ «ሎው» ሁለተኛ፣ «ሂሮስ» ሦስተኛ ነበሩ። ሽያጭ ዳኛ ቢሆን ኖሮ «ፒን አፕስ» ከ«ሎው» በበለጠ ነበር፤ ይህን ደግሞ ጓደኛዎ ራሱም የሚቀበለው አይመስለኝም። «ሌትስ ዳንስ» በእርግጥ ከቦዊ አልበሞች ሁሉ ይበልጥ የተሸጠው ነው፤ በናይል ሮጀርስ ፕሮዲውሰርነት የተሠራ፣ ንጹሕና ጉልበታም ሥራም ነው። ነገር ግን አሎማር፣ መሬይና ዴቪስ የሉበትም፣ ቪስኮንቲም የለበትም፣ ቦዊ ራሱም ከመዝፈን በቀር አንድም መሣሪያ አልነካበትም። የሌላ ረድፍ መጀመሪያ ነው፤ ያ ረድፍ ደግሞ በ1984ቱ «ቱናይት» ወዲያውኑ ይወድቃል።

ሳታመዛዝኑ እንዳትፈርዱ ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉኝ። «ስቴሽን ቱ ስቴሽን» በተቀዳበት ጊዜ ቦዊ በኮኬይን ሱስ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር፤ የቀረጻውን ጊዜ እምብዛም እንደማያስታውስ በኋላ ራሱ ተናግሯል። ይህን ሰምተው ታላቅነቱን ለሱሱ የሚሰጡ ወጣት ሙዚቀኞች አጋጥመውኛል፤ አጥብቄ እቃወማለሁ። ሰውየው ከሎስ አንጀለስ ወደ አውሮፓ የሄደው ከዚያ ሕይወት ለመሸሽ ነው፤ ከአምስቱ አልበሞች አራቱ የተሠሩት ለመዳን መታገል ከጀመረ በኋላ ነው። አልበሙ በእግሩ የቆመውም እሱ በደከመበት ሰዓት ያልደከሙ ተጫዋቾች ከጎኑ ስለነበሩ ነው።

ሁለተኛው የምታደምጡበትን ቅጂ የሚመለከት ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ በሲዲ ታትመው ከወጡት ቅጂዎች ብዙዎቹ በመጨረሻቸው ላይ ተጨማሪ ሥራዎች ተቀጥለውባቸዋል፤ በስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፉ የሚደርሱንም ብዙ ጊዜ እነዚያ ናቸው። «ሎው» በአሥራ አንደኛው ሥራ ያልቃል፤ ከዚያ የሚቀጥለው ነገር የአልበሙ አካል አይደለምና አጥፉት። ስልኩ ቅደም ተከተሉን እያዘበራረቀ እንዳያጫውትም ተጠንቀቁ። በስልክ ድምፅ ማጉያ ብቻ ለመፍረድ አትሞክሩ፤ የጆርጅ መሬይ ባስ ፈጽሞ አይሰማም፣ እሱ ካልተሰማ ደግሞ እኔ ያቀረብኩት መከራከሪያ ግማሹ የለም ማለት ነው። በተለይ በክረምት የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የ«ሎው»ን ሁለተኛ ገጽ በክፍል ውስጥ ለመስማት መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ የጆሮ ማዳመጫ ተጠቀሙ ወይም ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቁ።

ምክሬ ይህ ነው። ክርክሩን ለጊዜው አቁሙና አምስቱን አልበሞች በወጡበት ቅደም ተከተል፣ በአንድ ምሽት አንድ አልበም ብቻ፣ ሦስታችሁም ለየብቻ ስሙ። በየአልበሙ አጋማሽ ላይ ሸክላ ይገለበጥ በነበረበት ቦታ ትንሽ አርፋችሁ ቀጥሉ። ከዚያ ከ«ሃንኪ ዶሪ» እስከ «ፒን አፕስ» ያሉትን አራቱን፣ ምንም ሳትዘሉ፣ በዚያው መንገድ ስሙ። እያንዳንዳችሁም ስለ ምርጡ ዘፈን ሳይሆን ስለ ደካማው አልበም ጻፉ፤ ከዚያ አንድ ላይ ተቀምጣችሁ «ሎጀር»ን ከ«ፒን አፕስ» ጋር አወዳድሩ። ውድድሩ የሚያልቀው እዚያ ነው፤ የትኛው እንደሚያሸንፍም አልጠራጠርም።

«ሎጀር»ን በተመለከተ አንድ ነገር አትርሱ። ቶኒ ቪስኮንቲ አልበሙን እንደገና ሚክስ አድርጎት፣ ማለትም የተቀዱትን ድምፆች እንደ አዲስ አመጣጥኖ አዋህዷቸው፣ በ2017 ወጥቷል፤ ድራሙ ጠርቶ፣ ጊታሮቹ ተለይተው ስለሚሰሙ ብዙ ሰው እሱን ይመርጣል፣ እኔም ለደስታ የምሰማው እሱን ነው። ለፍርድ ግን በ1979 በወጣበት ሚክስ ስሙት፤ የ2017ቱን ከወሰናችሁ በኋላ ክፈቱት።